ጥያቄና መልስ፦ ከርነሉን ከመንካታችሁ በፊት ቦርዱን ገልብጣችሁ አንብቡ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው፦ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ። ዞሮ ዞሮ ሁሉም የሊኑክስ ከርነልን (ዕቃውንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን ልብ) ለራስ ማሽን አስተካክሎ ስለመሥራት ነው የሚጠይቁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን በአነባበባቸው ጽፌያለሁ፤ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጓደኛዬ ኦሬንጅ ፓይ ፒሲ አለው፣ እኔ ኦሬንጅ ፓይ ዋን። ሁለቱም ኤች3 ፕሮሰሰር ናቸው። የእሱን ሚሞሪ ካርድ ገልብጬ ብሰካው ይነሳል፣ ግን ይንቀራፈፋል። ፕሮሰሰሩ አንድ ከሆነ ከርነሉ ለምን አንድ አይሆንም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ከርነሉማ አንድ ነው፤ የተለያየው ቦርዱ ነው።

ዴስክቶፕና ላፕቶፕ ሲነሱ ምን ዕቃ የት እንዳለ ባዮሱ ለከርነሉ ይነግረዋል፤ ፒሲአይ ላይ የተሰካውም ዕቃ ሲጠየቅ ማንነቱን ይናገራል። አንድ የኡቡንቱ ፍላሽ ዴልም ላይ ኤችፒም ላይ የሚነሳው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ የአርም ቦርዶች ላይ ግን እንዲህ ያለ ነጋሪ የለም። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው በየትኛው መስመር እንደተያያዘ፣ ሚሞሪ ካርዱ መግባቱ በየትኛው እግር (ፒን) እንደሚታወቅ ከርነሉ በራሱ ሊደርስበት አይችልም። ይህን ሁሉ የሚያነበው ዲቫይስ ትሪ ከሚባለው ፋይል ነው፤ የቦርዱ ካርታ በለው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ብሎኮቹ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ውስጡን ግን እያንዳንዱ ባለቤት እንደፈቀደው አሠርቶታል። የጎረቤቱን መስመር አይቶ የራሱን ግድግዳ የሚበሳ ሰው የውኃ ቧንቧ ነው የሚያገኘው።

ወደ አንተ ቦርድ ስንመጣ፣ ፒሲው ላይ ለፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ የሚያቀርበው ኤስዋይ8106ኤ የተባለ ቺፕ ነው። ከርነሉ አይ2ሲ በሚባለው የቺፖች መነጋገሪያ መስመር እያነጋገረ ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ዋን ላይ ይህ ቺፕ የለም። ያለው ከርነሉ በሚያበራውና በሚያጠፋው በአንድ የጂፒአይኦ እግር በ1.1 እና በ1.3 ቮልት መካከል ብቻ የሚቀያየር ቀለል ያለ ሬጉሌተር ነው። የጓደኛህ ካርድ የፒሲውን ካርታ ስለሚጭን ከርነሉ የሌለውን ቺፕ ይጠራል፣ መልስ ያጣል፣ ቮልቴጁን ካልተቆጣጠረ ደግሞ ፍጥነቱን አይነካም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ዩ-ቡት (ከርነሉን የሚጭነው ማስነሻ ፕሮግራም) ባስነሳው ፍጥነት ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ማረጋገጥ ከፈለግህ «ሲስ» ስር ባለው የ«ሲፒዩ0» ፎልደር ውስጥ «ሲፒዩፍሬክ» የሚባል ፎልደር መኖሩን እይ። ከሌለ ነገሩ ይኸው ነው።

ከርነሉን እንደገና መሥራት አያስፈልግህም። «ሰን8አይ-ኤች3-ኦሬንጅፓይ-ዋን» የሚለው የዲቲቢ ፋይል (ለከርነሉ የተዘጋጀው ዲቫይስ ትሪ) እንዲጫን ማድረግ ይበቃል። ከምንጩ ልሥራ ካልክ ግን «አርክ» (የፕሮሰሰሩ ዓይነት) የሚለውን «አርም»፣ «ክሮስ_ኮምፓይል» የሚለውን ደግሞ «አርም-ሊኑክስ-ግኑኢኤቢኤችኤፍ-» (መጨረሻ ላይ ካለችው ሰረዝ ጋር) ብለህ «ኤክስፖርት» አድርጋቸው። ከዚያ «ሜክ ሰንክሲ_ዴፍኮንፊግ»፣ ቀጥሎ «ሜክ ዚኢሜጅ ዲቲቢኤስ ሞጁልስ»። ኤክስፖርት አድርግ ያልኩህ በምክንያት ነው፤ አርክን አንዴ ጽፎ በሚቀጥለው ትእዛዝ የረሳ ሰው የአርም ኮንፊጉን (የከርነሉን የምርጫ ዝርዝር) ራሱ ሜክ ወደ ኤክስ86፣ ወደ ዴስክቶፕና ላፕቶፕ ፕሮሰሰር፣ ይገለብጥበታል። በድንገት ጥያቄ በጥያቄ ላይ ከዘነበብህ ዝም ብለህ ኢንተር አትምታ፣ አቁመውና አርክን አረጋግጥ። ከከርነል 6.5 ጀምሮ ደግሞ የ32 ቢት አርም ዲቲቢዎች በአምራቹ ስም ወደተከፈሉ ፎልደሮች ገብተዋል፤ የአንተን «ኦልዊነር» ውስጥ ፈልገው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። የአንተ ስህተት ያለ ጉዳት አልፏል፣ ምክንያቱም የተጠራው ቺፕ ቦርድህ ላይ አልነበረም። ሌላ ቦርድ ላይ በዚያው አድራሻ ሌላ ሬጉሌተር ቢኖርና ትእዛዙን ቢቀበል ቦርዱ ከሚችለው በላይ ቮልቴጅ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ «እስኪ ይሄኛውን ልሞክር» እያሉ የዲቲቢ ፋይል መቀያየር አይገባም። ቦርዱን ገልብጡት፤ ስሙና የእትም ቁጥሩ ታትሞበታል። ሲስተሙ የሚነሳ ከሆነም «ፕሮክ» ስር «ዲቫይስ-ትሪ» ውስጥ «ሞዴል» እና «ኮምፓቲብል» የሚሉትን ፋይሎች አንብቡ። ስሙ የማይታወቅ ቦርድ ገጥሟችሁ ካርታውን ራሳችሁ ልትጽፉ ከሆነ፣ የቦርዱ ንድፍና መልቲሜትር በእጁ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አጠገባችሁ ይኑር።

ከለገጣፎ፦ የቆየ ላፕቶፕ አለኝ፣ ኮር 2 ዱኦ ይላል። 32 ቢት ነው 64?

64 ነው። 2 ቁጥር የሌለው ኮር ዱኦ ቢሆን ኖሮ 32 ነበር።

ከቡራዩ፣ አንዲት ተማሪ፦ ዩ-ቡት «ስታርቲንግ ከርነል» ይልና ጸጥ ይላል። አራት ጊዜ ኮምፓይል አድርጌዋለሁ።

እህቴ፣ አምስተኛውን አትጀምሪ። ከርነሉ እየተናገረ ይሆናል፣ አንቺ በማትሰሚበት በር። መጀመሪያ የማስነሻ መስመሩ ላይ «ኮንሶል» የሚለውን እዪ፦ ኦልዊነር ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ቲቲዋይኤስ0»፣ ሮክቺፕ ላይ «ቲቲዋይኤስ2» ነው። ከዚያ «ኧርሊኮን» የሚለውን ቃል እዚያው ጨምሪ፤ ሲሪያል ድራይቨሩ ገና ሳይነሳ የሚወጣውን ጽሑፍ ያሳይሻል። አሁንም ጸጥ ካለ ሁለት ነገር ይቀራል፦ የሌላ ቦርድ ዲቲቢ መጫን፣ ወይም ዩ-ቡት ዲቲቢውን ከርነሉ በሚዘረጋበት ቦታ ላይ ማስቀመጡ። ሁለተኛው ከሆነ የዲቲቢውን አድራሻ ራቅ አድርጊው።

ኬብሉንም ፈትሺ። የቦርዱን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተርሽ የሚያመጣው ዩኤስቢ-ሲሪያል በ3.3 ቮልት የሚሠራ መሆን አለበት፤ በ5 ቮልት የሚሠራው እግሩን ያቃጥለዋል። ሦስት ሽቦ ብቻ ነው የሚያያዘው፦ ግራውንድ ከግራውንድ፣ የኬብሉ ቲኤክስ (ላኪው) ከቦርዱ አርኤክስ (ተቀባዩ)፣ አርኤክሱ ከቲኤክስ። ቀዩን የኃይል ሽቦ ተዪው። ፍጥነቱ አብዛኛው ቦርድ ላይ 115200፣ ሮክቺፕ ላይ 1500000 ነው፤ አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ይህን ሁለተኛውን አይችሉትም፣ የተዘባረቀ ፊደል ያወጣሉ። ቦርዱ ላይ ፒን ካልተበየደ ሞባይል ጠጋኝ ያስበይድልሽ።

ከየካ አባዶ፣ ሁለት ጓደኛሞች፦ ጊት ክሎን ስናደርግ ኔትወርክ ይቆረጥና ዳታችን ይበላል። አንዴ ተሳክቶልን ኮምፓይል ስንጀምር ደግሞ በሦስተኛው ሰዓት መብራት ጠፋ። መላ በሉን።

ጊት ክሎን ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ሙሉ ታሪኩን ስታወርዱ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፤ እናንተ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ አንድ እትም ብቻ ነው። የከርነል 6.6ን ወይም የ6.12ን ታርቦል (ምንጩ በአንድ ፋይል የታጨቀበትን) አውርዱ፣ ሁለቱም ረጅም ድጋፍ ያላቸው ናቸው። ተጨምቆ ከ130 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ «ደብልዩጌት» ላይ «-ሲ» ብላችሁ ካወረዳችሁት ኔትወርክ ቢቆረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ስትፈቱት ዊንዶውስ በሚጠቀምበት ፍላሽ ላይ እንዳይሆን። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም፣ በላቲኑ ግን አለ፤ ከርነሉ ውስጥ በዚህ ብቻ የሚለያዩ የፋይል ስሞች አሉ (የኔትፊልተር ፎልደር ውስጥ «ኤክስቲ_ቲሲፒኤምኤስኤስ» በትልቁም በትንሹም ይገኛል)። ፋትም ሆነ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ስትፈቱት አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ስህተቱ የሚታያችሁ ግን ከሰዓታት በኋላ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ አይጠፋም። ያንኑ የሜክ ትእዛዝ ድገሙት፣ ያለቀውን ትቶ ይቀጥላል። «ሜክ ክሊን» አትበሉ፤ የሦስት ሰዓት ድካማችሁን የምታጠፉት ያኔ ነው። ችግር የሚሆነው መብራቱ በጠፋባት ቅጽበት ይጻፉ የነበሩ ፋይሎች ባዶ ሆነው ሲቀሩ ነው፤ ሜክ ስማቸውን አይቶ ያለቁ ይመስሉታል፣ መጨረሻ ላይ ማያያዣው ፋይሉን አላወቅሁትም ብሎ ይቆማል። መጠናቸው 0 የሆኑትን የ«.ኦ» ፋይሎች በ«ፋይንድ» ፈልጋችሁ ሰርዙና እንደገና ሜክ በሉ።

የሚሠራውንም አሳንሱ። የኡቡንቱን ኮንፊግ ከገለበጣችሁ የዲበግ መረጃው በርቶ ነው የሚመጣው፤ ፎልደሩ ከ20 ጊጋባይት በላይ ይሆናል፣ ማያያዙም ራም ይበላል። ሜኑኮንፊግ (የኮንፊጉ መምረጫ ሜኑ) ውስጥ «ከርነል ሃኪንግ» ስር አጥፉት። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ከ«-ጄ2» (በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ) አትለፉ። ከቻላችሁ ደግሞ ዴስክቶፑን ትታችሁ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ተዋሱ።

እዚያው ደብዳቤ ግርጌ፦ «ካኖኒካል-ሰርትስ» የሚባል ፋይል የለም ብሎ ይቆማል። መልሱ፦ ከኡቡንቱ ኮንፊግ ጋር የመጣ ነው። «ሲስተም_ትረስትድ_ኪስ» እና «ሲስተም_ሪቮኬሽን_ኪስ» የሚሉትን ሁለቱንም ባዶ አድርጓቸው።

ከሰበታ፣ አንድ መምህር፦ ለትምህርት ቤታችን ላብ ኮምፒውተሮች «ሎካልሞድኮንፊግ» ተጠቅሜ ቀላል ከርነል ሠራሁ። ፈጥኖ ይነሳል፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ፍላሽ ሲሰኩ አይታይም። አንዳንዱ ማሽን ላይ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

መምህር፣ ትእዛዙ ያደረገው የታዘዘውን ነው። ሎካልሞድኮንፊግ የሚያቆየው በዚያች ሰዓት፣ በዚያ አንድ ማሽን ላይ የተጫኑትን ሞጁሎች (ሲያስፈልጉ የሚጫኑ የከርነል ክፍሎች) ብቻ ነው፤ ያኔ ፍላሽ አልተሰካም ነበርና «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ» ወጥቶ ተጥሏል። «ኤልኤስዩኤስቢ» ሲሉ ፍላሹ ይታያል፣ ድራይቩ ግን አይመጣም። ፋት የሚያነበውን ብቻ ቢመልሱም አይበቃም፤ «ኤንኤልኤስ» (የፊደል ሰንጠረዦቹ) ስር ኮድፔጅ 437 እና አይኤስኦ 8859-1 ካልበሩ «ማውንት» እምቢ ይላል። ኔትወርኩም እንዲሁ ነው፤ ማሽኖቹ ከውጭ ቢመሳሰሉም የኔትወርክ ካርዳቸው ይለያያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ማሽን ላይ ፍላሹንም፣ ፕሪንተሩንም፣ ፕሮጀክተሩንም ሰክተው የ«ኤልኤስሞድ»ን ውጤት ፋይል ላይ ያስቀምጡ። ፋይሎቹን በ«ካት» አንድ ላይ ያድርጓቸውና ሎካልሞድኮንፊግን ሲያዙ በ«ኤልኤስሞድ=» ያንን ፋይል ይስጡት። «ኤልኤምሲ_ኪፕ» በሚለው ደግሞ የ«ድራይቨርስ/ዩኤስቢ» ፎልደር እንዳይነካ ማዘዝ ይችላሉ። የድሮውን ከርነል ግን ማሽኑ ሲነሳ ከሚመጣው የግራብ ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አያጥፉ።

ሐሳቤን ከጠየቁኝ ለላቡ የኡቡንቱው ከርነል ይበቃል። የሚያተርፉት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የደኅንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ግን ሁሉንም እንደገና የሚሠሩት እርስዎ ይሆናሉ። ከርነል መሥራትን አንድ ማሽን ላይ ለተማሪዎቹ ያስተምሩበት።

ከአያት፦ ለየትኛው ራስፕቤሪ ፓይ የትኛው ዴፍኮንፊግ (የተዘጋጀ መነሻ ኮንፊግ)?

በራሳቸው በራስፕቤሪ ፓይ የከርነል ምንጭ ውስጥ፦ ለመጀመሪያው ፓይና ለዜሮ «ቢሲኤምአርፒአይ»፤ ለ2 እና ለ3 በ32 ቢት «ቢሲኤም2709»፤ ለ3 እና ለ4 በ64 ቢት «ቢሲኤም2711»፤ ለ5 «ቢሲኤም2712»። የመጨረሻው ሚሞሪን በ16 ኪሎባይት ገጽ ስለሚከፍል 4 ኪሎባይት የለመዱ አንዳንድ ፕሮግራሞች አይነሱበትም። እንዲህ ከገጠማችሁ «ኮንፊግ.ቲኤክስቲ» ላይ «ከርነል=ከርነል8.አይኤምጂ» ብላችሁ ወደ 4 ኪሎባይቱ ተመለሱ።

ከጀሞ፦ ሜኑኮንፊግ ላይ ኮከብና ኤም ምን ለያቸው? ሁሉንም ኤም አድርጌ ከርነል ፓኒክ መጣብኝ።

ኮከብ ከርነሉ ውስጥ ይቀበራል፤ ኤም ዲስክ ላይ ተቀምጦ ኋላ ይጫናል። ዲስኩን የሚያነበውን ድራይቨር ዲስኩ ላይ አስቀምጠህ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ ራም ላይ የሚጫን ትንሽ ፋይል ሲስተም) ካላዘጋጀህ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፈህ ወጥተሃል። ፓኒኩ «አንኖውን-ብሎክ» ብሎ በቅንፍ የሚጽፈውን ቁጥር አንብብ። 0,0 ከሆነ ዲስኩ ጭራሽ አልተገኘም፤ የካርዱ ድራይቨር የለም፣ «ሩት=» ተሳስቷል፣ ወይም «ሩትዌይት» ተረስቷል። 179,2 ከሆነ ሚሞሪ ካርዱና ሁለተኛው ክፍሉ ተገኝተዋል፣ ያልተነበበው ፋይል ሲስተሙ ነው፤ ኢኤክስቲ4ን ኮከብ አድርገው።

ከገላን፣ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠሩ፦ የታካሚ መከታተያ ማሽናችን ውስጡ ሊኑክስ ነው፣ ተች ስክሪኑ ይዘገያል። ከርነሉን ባሻሽለውስ?

አይንኩት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሴንሰሮቹ ጋር የሚነጋገረው አምራቹ ለአንድ የከርነል እትም ብቻ በሠራቸው ሞጁሎች ነው፤ እትሙ ሲቀየር አይጫኑም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተጭነው ጊዜ አጠባበቃቸው ሲዛባ ነው፤ ስክሪኑ ደህና መስሎ የልብ ምት ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጊዜው ካልጮኸ የሚጎዳው አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው። የባዮሜዲካል ባለሙያ ይጥሩ፣ በእሱም በኩል የአምራቹን ወኪል ይጠይቁ። እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ መዘግየቱን ለነርሶቹ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ከአስኮ፦ በዲሽ ሪሲቨሬ ላይ ሊኑክስ መጫን እችላለሁ?

ርካሾቹ ላይ አይሆንም፤ ሚሞሪያቸው ትንሽ ነው፣ የቺፓቸውም ሰነድ አይገኝም። ለማንኛውም ሞዴሉን ለሪሲቨር ጠጋኝ አሳየው።

ከለገጣፎ በድጋሚ፦ «ሜክ ኤምአርፕሮፐር» ካልኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያስተካከልኩት ኮንፊግ የለም።

ትእዛዙ ኮንፊጉንም ይሰርዛል፤ ክሊን ግን አይሰርዝም። በዚያ ኮንፊግ የተሠራው ከርነል አሁን እየሠራ ከሆነ «ፕሮክ» ስር «ኮንፊግ.ጂዚ» አለ እንደሆነ ይዩ፣ በ«ዚካት» ያውጡት። ከሌለም «ቡት» ውስጥ በ«ኮንፊግ-» የሚጀምረውን ፋይል ይፈልጉ። ካገኙት «.ኮንፊግ» ብለው ምንጩ ፎልደር ውስጥ ይመልሱትና «ሜክ ሴቭዴፍኮንፊግ» ይበሉ፤ የቀየሩትን ብቻ የያዘች አጭር ፋይል ትወጣለች፣ እሷን ከምንጩ ፎልደር ውጭ ያስቀምጧት።