አበባውን ከማስገባታችሁ በፊት ቤቱን እዩት

በዲኮርና በቤት ዕቃ ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሙያ ነው። አሁን አሁን በሞደርኒዝም ዘመን (ጌጥ ትቶ በብረትና በመስታወት የሚሠራ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሕንፃ ስልት ነው) በተሠሩ ታሪካዊ ቤቶች ውስጥ የዛሬ አበባና የዛሬ ወንበር ሲታይ እያያችሁ፣ እኛም እንሞክረው ትላላችሁ። በጣም ደስ ይለኛል። ግን የሰርግ አዳራሽ ማስዋብና እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መሥራት ለየቅል ናቸው። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ትሞሉታላችሁ። ይሄኛው ቤት ራሱ ዋናው ሥራ ነው።

የኢዲት ፋርንስዎርዝን ቤት ውሰዱ። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ፕላኖ አጠገብ ፎክስ ወንዝ ዳር ይገኛል። አርክቴክቱ ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮህ ነድፎት በ1951 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ስምንት የብረት ምሰሶዎች፣ ዙሪያውን ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ መሃል ላይ በእንጨት የተለበጠ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ክፍል፣ በቃ። ወንዙ ሲሞላ እንዳይደርስበት ወለሉ ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጓል፤ ውሃው ግን በ1954ም፣ በ1996ም፣ በ2008ም ገብቶበታል።

የቤቱ ባለቤት ኢዲት የኩላሊት ሐኪም ነበረች። ከአርክቴክቱ ጋር ተጣልተው ፍርድ ቤት ደረሱ። ዕቃውንም እሷ እንደወደደችው አስገባች። ቤቱን ኋላ የገዛው እንግሊዛዊ ባለሀብት ደግሞ አርክቴክቱ ሚስ የነደፋቸውን ወንበሮች ደረደረበት፤ ጎብኚውም ለዓመታት ያንን ነው ያየው። በ2020 ግን ቤቱ እሷ በኖረችበት ጊዜ የነበረውን መልክ ይዞ ለእይታ ቀረበ። በ2021 ደግሞ በሙሉ ስሟ ተሰየመ። ስለዚህ እዚያ ቤት አንድ ወንበር ያስገባ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ከኢዲትና ከአርክቴክቱ የአንዳቸውን ወገን ይዟል። እኔ የእሷ ወገን ነኝ። ቤት የነዋሪው ነው። ሰው ተቀምጦበት ዛፉን የሚያይበት የዛሬ ወንበር ከሆነ ይግባ፤ ለፎቶ ብቻ የተሠራ ከሆነ ይቅር።

አሁን ወደ ሥራው። የመስታወት ቤት ጀርባ የለውም። ግድግዳ አስደግፋችሁ ከፊት ብቻ የምታሳምሩት አበባ እዚያ አይሠራም፣ ምክንያቱም ሰው ከውጭም ከውስጥም በአራቱም አቅጣጫ ያየዋል። ዝቅ አድርጉት። ከተቀመጠ ሰው ዓይን በላይ ከወጣ ሜዳውን ይጋርዳል። ሲመሽ ደግሞ ውስጥ መብራት ሲበራ መስታወቱ መልክ ማያ ይሆናል፤ አንዱ እቅፍ ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

ወለሉን ተንበርክካችሁ እዩት። ትራቨርቲን የሚባል ድንጋይ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከኖራ ድንጋይ ወገን። አሲድ ይበላዋል። አበባ እንዲቆይ ውሃ ውስጥ የምትጨምሩት ዱቄት ብዙ ጊዜ ሲትሪክ አሲድ አለበት፤ ጠብ ብሎ ካደረ ድንጋዩ ላይ የደበዘዘ ክብ ይተዋል፣ እሱን ደግሞ በጨርቅ አታስለቅቁትም። ከማስቀመጫው ሥር ጠርዝ ያለው ትሪ፣ ከትሪው ሥር ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አድርጉ። ሊሊ ካመጣችሁ እንደተከፈተ ብናኙን የያዙትን ጫፎች በእጃችሁ ልቀሙ። ብናኙ ሶፋ ላይ ከወደቀ በእርጥብ ጨርቅ እንዳታሹት! በፕላስተር እየነካችሁ አንሱት። ብረቱ ላይ ደግሞ ምንም አትለጥፉ፣ ምንም አትቋጥሩበት።

ፀሐይ በመስታወቱ ስትገባ ቤቱ ይሞቃል፣ ጽጌረዳም በአንድ ቀን ተበትኖ ያልቃል። ቅርንጫፍ ይሻላል። አፈርና የዛፍ ሽበት የያዘ ነገር ግን ነፍሳት ይዞ ይገባል፣ እንጨቱም ላይ አደጋ ነው። በየጠዋቱ ውሃ የሚቀይረው ማን እንደሆነም ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ባለሙያን የምለየው በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ አልቆ በ2024 ተከፍቷል። ዕድሉን ስታገኙ ገብታችሁ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ፊት ቁሙ። እዚያ አበባ አስቀምጡ ብትባሉ ምን ታስቀምጣላችሁ? ያ ሁሉ ቀለም ፊት ለፊት እያለ እኔ የምመርጠው ነጭ ብቻ ነው፣ ያውም ዝቅ ያለ። ቅጠል ብቻ ይበቃል የምትሉ ካላችሁም አልቃወምም።