ሚኒባሷን ማደሪያ ማድረግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ አሮጌ አባዱላ ገዝቼ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቻለሁ። አልጋ ሠርቼበት ከባለቤቴ ጋር መንዝ ጓሳ እየሄድን ልናድር አስበናል። ብርዱን ግን ፈራሁት። ማታ ከሰል አንድደን ብንተኛስ ምን ይላሉ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከሰሉን እርሳው፣ ልጄ። በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ተኝተህ ሳትነሳ ትቀራለህ። «ፍም ከሆነ በኋላ ችግር የለውም» የሚሉህን አትስማ፤ ፍሙም ያው ነው። የጋዝ ምድጃም ሥራው ውጭ ነው።

ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱን የምትረታው በግድግዳው ነው። እኔ የራሴን ስሠራ ቸኩዬ በቆርቆሮውና በኮምፔርሳቶው መሃል ስፖንጅ ጠቀጠቅሁበት። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። የሁለት ሰው ትንፋሽ ነዋ! ከክረምት በኋላ ኮምፔርሳቶውን ስነቅል ስፖንጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨመቀ፤ ከሥሩ ዝገት ብቻ። አንተ መጀመሪያ ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፈትግና መከላከያ ቀለም ቀባው። ከዚያ ውሃ የማይመጥ ጠንካራ ፎም ለጥፍበት። ወለሉንም እንዳትረሳ። ሌሊት ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ጣት ጣት ያህል ክፈት። ይበርደናል ካልክ፣ የመንዝ ባና ምን ሊሠራ ነው ታዲያ? እኔ አንዱን ከፍራሹ ሥር አነጥፋለሁ፣ አንዱን እለብሳለሁ።

አልጋውን ከወለሉ ጋር በብሎን እሰረው፤ ምስማር የጣርማበርን ቁልቁለት አይችልም። ለመብራት ሁለተኛ ባትሪ ያዝ። የሞተሩን ከጨረስከው ጓሳ ላይ የሚገፋልህ ጭላዳ ብቻ ነው።