ኮንዶሙ አልተቀደደም፣ ደም ግን ነበር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። 26 ዓመቴ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካፌ ውስጥ እሠራለሁ። ከ9 ቀን በፊት ከአንዲት ልጅ ጋር አደርኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኮንዶም አድርጌያለሁ። ስንጨርስ መብራት ሳበራ ኮንዶሙ ላይ ደም አየሁ፣ ጭኔና ጣቴም ላይ ነበር። ሳታስበው የወር አበባዋ መጥቶባት ነው አለችኝ። ኮንዶሙን ውኃ ሞልቼ አየሁት፣ አያፈስም። ጣቴ ላይ ግን ከዚያ ከሳምንት በፊት የተቆረጥኩበት ቁስል ነበር፣ ደርቋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሰውነቴን በአልኮል ስፈትግ ነው የከረምኩት። በአምስተኛው ቀን ተመርምሬ ነጋቲቭ ተባልኩ፣ አላመንኩም። ልጅቷ ስትደውል ስልኳን አላነሳም። ቫይረሱ ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። በነገርከኝ ሁኔታ ኤች አይ ቪ ይዞሃል ብለህ የምትሰጋበት ምክንያት የለም።

ደም ነካህ ማለት ቫይረሱ ገባብህ ማለት አይደለም። ቫይረሱ መግቢያ ይፈልጋል፦ የሽንት መውጫ ቀዳዳ፣ ስስ የሆነው የብልት ቆዳ፣ ገና ደም የሚወጣው ቁስል፣ ወይም መርፌ። ያን ስሱን ክፍል ኮንዶሙ ሸፍኖልሃል። ጭንህ ላይ ያለው ጤነኛ ቆዳ ቫይረሱን አያሳልፍም። ጣትህ ላይ ያለውም ደርቆ የተዘጋ ቁስል ነው፣ በር አይደለም። ደግሞም ልጅቷ ቫይረሱ እንዳለባት በምን አወቅህ? እኛ ጤና ባለሙያዎች ቫይረሱ ያለበት ሰው ላይ የተጠቀምንበት መርፌ ሲወጋን እንኳ፣ መድኃኒት ባንወስድ፣ የመያዝ ዕድላችን ከ1000 3 ገደማ ነው። ያ መርፌ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነው እንግዲህ፤ አንተን የነካህ ደም ግን ከቆዳህ በላይ ነው የቀረው።

አልኮሉን ግን ዛሬውኑ ተው። ቆዳህን እያቆሰልከው ነው፣ የሌለውን በር የምትከፍተው አንተው ነህ። ደም ሲነካህ ውኃና ሳሙና በቂ ነው።

ኮንዶሙ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። ይህን ለጓደኞችህም ንገር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮንዶም ሲቀደድ ወይም ሲወልቅ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፣ ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ አይባልም፤ ሌሊትም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ የሆነውን ሳያፍሩ መናገር ነው። ኮንዶም ላይ ቫዝሊን ወይም የፀጉር ቅባት የምትቀቡም ተጠንቀቁ፣ ላስቲኩን ያሳሳዋል፣ በቀላሉ እንዲቀደድም ያደርገዋል።

ምርመራህን በተመለከተ፣ የአምስተኛው ቀን ውጤት ትክክል ነው፣ ግን የሚነግርህ ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ እንጂ ስለዚያች ሌሊት አይደለም። ሰውነት ለቫይረሱ የሚሠራው መከላከያ በደም ውስጥ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ለዚያች ሌሊት ብለህ መመርመር አያስፈልግህም። ልብህ እምቢ ካለህ ግን በ3ኛው ወር ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር፣ ነጋቲቭ ከሆነ አለቀ፣ በየሳምንቱ እየተመላለስክ ራስህን አታሰቃይ። እግረ መንገድህን የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራና ክትባት ጠይቅ፤ እሱ በደም ከኤች አይ ቪ ይልቅ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ክትባቱ ግን ይከላከለዋል።

አሁን ስለ ልጅቷ ልናገር፣ ደብዳቤህን ሳነብ የከበደኝ እሱ ነው። የወር አበባ መጣባት፣ ምናልባት አፍራለች፣ አንተ ደግሞ ዘጋሃት። ምን ጥፋት ሠራች? ስልኳን አንሳ፣ ፈርቼ ነው በላት፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ብትመረመሩ ደስ ይለኛል። እግረ መንገድህን ደሙ ስለመቆሙም ጠይቃት። የወር አበባዋ ሳይሆን ከግንኙነት በኋላ በተደጋጋሚ የሚደማት ከሆነ ሐኪም ሊያያት ይገባል።