ድርቆሹ ከሽቦው ሥር አይደር

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ ዳር አምስት የወተት ላሞች አሉኝ። ከሱሉልታ ያስመጣሁትን ድርቆሽ ግቢው ጥግ ከምሬዋለሁ። በላዩ የመብራት ሽቦ ያልፋል፤ አጠገቡ ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ። ነፋስ ሲነሣ ሽቦው ብልጭ ይልና መብራት ይጠፋል። የመኖ መቁረጫውን ስናስነሣም አምፖሉ ይደበዝዛል። ልጄ ቅርንጫፉን ልቁረጠው ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ዛፉ ላይ እንዳይወጣ። ድርቆሹን ግን ዛሬውኑ ያንሡት።

በሰፈር ውስጥ የሚያልፈው ራቁት የአሉሚኒየም ሽቦ በጊዜ ብዛት ይረግባል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ወይም ቅርንጫፍ ሲገፋው ሁለት ሽቦዎች ይነካካሉ፤ በተነካኩበት ቦታም ይቀልጣሉ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ የቀለጠ ነጠብጣብ አብሮት ይወርዳል። ነጠብጣቡ ሲሚንቶ ላይ ቢያርፍ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይበርዳል። ድርቆሽ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ውስጥ ይሰርግና ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ነበልባሉ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ነው፤ ላሞቹ በገመድ ታስረው ነውና የሚያድሩት።

ከማንሣትዎ በፊት ክምሩን ያሽትቱ፤ ላዩ ላይ የጠቆረ ነጥብ ካለም ይፈልጉ። ሽቦው ጋ በማይደርስበት በኩል ፌሮ እስከ መሃሉ ይውጉና ሩብ ሰዓት ቆይተው ያውጡት። በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ ክምሩን አይበትኑ፤ አየር ሲገባው ቦግ ይላል። ላሞቹን ፈትተው ያርቁና ወደ 939 ይደውሉ። ፌሮው ቀዝቃዛ ከሆነ ማንሣት ይቻላል። አዲሱ ቦታ ከሽቦው ወደ ጎን 10 ሜትር ቢርቅ መልካም ነው። ግቢው ካልበቃ የቻሉትን ያህል አርቀው፣ ቆርቆሮ ክዳንና ግድግዳ ያለው መጠለያ ውስጥ ይክተቱት፤ ሸራ ብቻውን ነጠብጣብ አይመልስም። ከበረቱም ይለዩት። የአንድ ሳምንት መኖ ብቻ በረት አጠገብ ይኑር፤ የቀረው ይራቅ።

ወደ ዛፉ እንምጣ። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ልጡም እየተላጠ ረጅም ሆኖ ይንጠለጠላል። ልጡ ሽቦ ላይ ሲጠመጠም በበጋ ይቀጣጠላል፤ በክረምት ደግሞ ሲርስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍና ፊውዝ ያስጥላል። እርጥብ ቅርንጫፍ ሽቦ ነክቶ ሳለ በመጥረቢያ የሚመታው ሰው ለኤሌክትሪኩ ወደ መሬት መውረጃ ይሆናል። የጎማ ጫማም አያድነውም። በተለይ ከምሰሶው አናት ላይ ትልልቅ የሸክላ ስኒ የመሰለ ኢንሱሌተር ላይ የተዘረጉ ሦስት ሽቦዎች ካሉ፣ 15 ሺህ ቮልት ሊሆኑ ስለሚችሉ ሳይነኳቸውም ቀርቦ መሥራት ይገድላል። በ905 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱና መስመሩ ተዘግቶ ይቆረጥ። ሲደውሉ «መብራት ጠፋ» ብቻ አይበሉ። «ሽቦው ረግቧል፣ ዛፍ ነክቶታል፣ ብልጭ ይላል» ይበሉ፤ በምሰሶው ወይም በትራንስፎርመሩ ላይ ቁጥር ካለም ያንብቡላቸው። የረገበው ሽቦ ካልተወጠረ፣ ወይም በተጠማዘዘው ባለ ጥቁር ሽፋን ኬብል ካልተተካ፣ ዛፍ መቁረጡ ብቻውን አይበቃም።

ሽቦው ከተበጠሰና መሬት ከወደቀ ሰውም ከብትም ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ላም በዚህ ከሰው ይልቅ ትጎዳለች። የፊትና የኋላ እግሯ ተራርቀው ስለሚቆሙ በመካከላቸው የሚፈጠረው የቮልት ልዩነት ይበዛል፤ ኤሌክትሪኩም በልቧ በኩል ያልፋል። የወደቀች ላም አይተው ሊፈቷት አይሩጡ። ውኃም አይርጩ። መስመሩ መዘጋቱን ሠራተኞቹ እስኪያረጋግጡ ድረስ ይጠብቁ።

የአምፖሉ መደብዘዝ ሌላ ችግር ነው። 3 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 220 ቮልት ሞተር ሲሠራ 15 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ የዚያን ብዙ እጥፍ። ገመዱ ቀጭን ከሆነ፣ ወይም በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ ካለው፣ ቅጥያው ይግላል። መቁረጫው ለሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ዋናውን ማብሪያ ያጥፉና ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት፤ ከሞቀ ወይም ፕላስቲኩ ቢጫ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። መቁረጫው ለብቻው 4 ሚሊ ካሬ የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና መሬት የተቀበረ የግራውንድ ዘንግ ይኑረው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሽቦ ቁራጭ መተካት ይቅር፤ ፊውዙ የሚቃጠለው ገመዱን ለማዳን ነው። በተጨማሪም የመኖ ብናኝ ሞተሩ ላይ ሲከማች ስለሚቀጣጠል በየቀኑ ይጠረግ።

መብራት በጠፋበት ማታ ወተቱን በአሉሚኒየም ጋን አድርገው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያቁሙት። የውኃው ከፍታ ከወተቱ ከፍታ አይነስ፤ ውኃውንም ሲሞቅ ይቀይሩት። እንዲህ ሲደረግ መበላሸቱ ይዘገያል እንጂ እንደ ፍሪጅ አያሳድረውም፤ ስለዚህ በቶሎ ለተረካቢው ያድርሱ ወይም ያፍሉት።

ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቡቃያውም በጥቂት ዓመት ሽቦው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ጉቶው ከነሥሩ ይነቀል፤ ካልሆነም ቡቃያውን በየወሩ ይሸልቅቁት። በቦታው ደሾ ሳር ይትከሉ፤ ቁመቱ አጭር ነው፣ እየታጨደ ለላሞቹ ይሆናል፣ የወንዙን ዳርም ከመሸርሸር ይይዛል።