ከአሊና ከታይሰን ማን ይበልጣል? ስለ ከባድ ሚዛን ለጠየቃችሁኝ

ስለ ከባድ ሚዛን ቦክሰኞች የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቦክሰኛን ስመዝን ሁለት ነገር አያለሁ፦ ማንን አሸነፈ? የተሸነፈውስ በዚያ ቀን ምን አቋም ላይ ነበር?

ጥያቄ፦ ሳታንዛዛ ንገረን፣ የምንጊዜም አንደኛ ማነው?

መሐመድ አሊ። ምክንያቱን ግን ትንሽ ላንዛዛ።

በ1964 ሶኒ ሊስተንን ሲያሸንፍ 22 ዓመቱ ነበር። ያኔ ትልቁ መሣሪያው እግሩ ነው። በ1966 ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በ3ኛው ዙር የጨረሰበትን ፊልም እዩት። ያን የሚያህል ሰውዬ እንደዚያ ቀልጠፍ ሲል ሌላ አላየሁም። በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም አለ። ቀበቶውንም የመጋጠም ፈቃዱንም ነጠቁት። ከ25 እስከ 28 ዓመቱ፣ ቦክሰኛ በሚጎመራበት ዕድሜ፣ ሳይጋጠም ቀረ።

ሲመለስ እግሩ እንደ ድሮው አልነበረም። በ1971 በጆ ፍሬዘር ተሸነፈ። በ1974 ደግሞ ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማን ጠበቀው። ፎርማን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም ያሸነፈ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነው። ያንኑ ፍሬዘርን በ2 ዙር ውስጥ 6 ጊዜ ጥሎታል። አሊ 32 ዓመት ሞልቶታል። ገመዱን ተደግፎ፣ ቡጢውን በክንዱ እየመከተ አደከመው። በ8ኛው ዙር ዘረረው። በእግሩ ያገኘውን ዘውድ፣ እግሩ ሲከዳው በጭንቅላቱና በጽናቱ አስመለሰ። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ታይሰን በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆኗል እኮ! የ1988ቱ ታይሰን አሊን አይጥለውም?

የመጀመሪያዎቹ 4 ዙሮች ለአሊ በጣም አደገኛ ይሆናሉ። ማይክል ስፒንክስ ያለ ሽንፈት መጥቶ በ91 ሰከንድ ነው የተዘረረው። ያ ታይሰን ቡጢው ብቻ አልነበረም የሚያስፈራው። ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ሲገባ የሚመታ ነገር አይገኝም ነበር። ግን የሚገፋው፣ የማይፈራውና ረጅም እጅ ያለው ሰው ሲገጥመው መላው ይጠፋበታል። በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ፣ በ1996 ኢቫንደር ሆሊፊልድ ያሳዩን ይህንኑ ነው። ታይሰን ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበት ፍልሚያ የለም። አሊ ከ6ኛው ዙር በኋላ በነጥብ እየራቀው ይሄዳል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሮኪ ማርሲያኖ 49 ለ 0 ነው። ያልተሸነፈ ሰው እንዴት ሁለተኛ ይሆናል?

ለሮኪ ትልቅ አክብሮት አለኝ። በ1952 ከጀርሲ ጆ ዎልኮት ጋር ሲጋጠም በነጥብ እየተመራ ነበር። በ13ኛው ዙር በአንዲት ቀኝ ቡጢ ጨረሰው። ይህ የወኔ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ዎልኮት ያኔ 38 ዓመቱ ነበር። በ1951 ያሸነፈው ጆ ሉዊስም 37 ዓመት ሆኖት፣ ዕዳ አስገድዶት የተመለሰ ሰው ነበር። ቁጥሩ ያምራል፣ ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ዕድሜ እዩ።

ጥያቄ፦ ጆ ሉዊስ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ታሪክ አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው! ይህን ስለጠየቅኸኝ ደስ ብሎኛል። ሰኔ 1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ጦር እያከማቸ ነበር። በዚያው ወር ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም ላይ የ21 ዓመቱ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመ። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን፣ ፋሺስቶቹ የሚኮሩበት ግዙፍ ሰው ነው። ከሉዊስ በ30 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ጥቁር አሜሪካውያን ፍልሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነው ያዩት። ረብሻ ይነሳል ተብሎ ፖሊስ በብዛት ተሰማርቶ ነበር። ሉዊስ በ6ኛው ዙር ደጋግሞ ጣለውና ዳኛው አስቆመው። ወረራው በጥቅምት መጣ። ያን ምሽት ግን የኒው ዮርኳ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም በደስታ ሰክራ ነበር።

ሉዊስን ሁለተኛ የማደርገው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ሆኖ ቆይቷል፣ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስጠብቋል። ይህን ቁጥር በከባድ ሚዛን እስካሁን የደረሰበት የለም። በ1936 እሱን አሸንፎት የነበረውን ማክስ ሽሜሊንግንም ከሁለት ዓመት በኋላ በመጀመሪያው ዙር ዘርሮታል።

(ስለ አገራችን ከተነሳ፣ አሊም በ1960 ሮም ኦሊምፒክ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቅ ያገኘው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ሰሞን ነው።)

ጥያቄ፦ የዛሬዎቹ ግዙፎች የድሮዎቹን አይጨፈልቋቸውም?

ማርሲያኖ 84 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ ቢሆን ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ምድብ ይጋጠም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ኦሌክሳንደር ኡሲክን ተመልከቱ። በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ 2.06 ሜትር የሚረዝመውን ታይሰን ፊዩሪን በነጥብ አሸነፈ። በታኅሣሥ ደገመው፣ ያውም ፊዩሪ በ25 ኪሎ ገደማ እየበለጠው። በእግር የሚያስብ ቦክሰኛ ክብደትን ይረታል። ወጣቱ አሊ በቁመት ከኡሲክ አያንስም፣ ይፈጥናልም።

ጥያቄ፦ ሌኖክስ ሉዊስስ?

ከምንጊዜም አምስት ምርጦች አንዱ ነው። የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያሸነፉትን ሁለቱንም በመልስ ፍልሚያ አሸንፏል። በ2002 ታይሰንን ማሸነፉን ግን ብዙም አልቆጥርለትም። ያ ታይሰን አልቆ ነበር።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛውን ፍልሚያ ትመክራለህ?

የ1978ቱን ላሪ ሆልምስና ኬን ኖርተን። ሙሉውን ለማየት ጊዜ ከሌለህ 15ኛውን ዙር ብቻ እይ። ሁለቱም ዝለዋል፣ ውጤቱ ተቀራርቧል፣ ግን አንዳቸውም ወደ ኋላ አይሉም። ከዚያ በ1994 ፎርማን በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን የዘረረበትን ጨምር። የለበሰው ቁምጣ ኪንሻሳ ላይ ከአሊ ጋር ሲጋጠም የለበሰው ነው።