መጀመሪያ አየሩን ለኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት ሕንፃ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ጨዋታ ስለሚያስተናግድ የስፖርት አዳራሽ። ሕንፃ ስነድፍ በኖርኩባቸው ዓመታት ልቤ ከሁሉ የሚያደላው ለዚህ ሥራ ስለነበረ ገጹን በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የአንድ ትምህርት ቤት የግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ውስጡ 42 በ24 ሜትር፣ እስከ ጣሪያው ብረት 6 ሜትር ከፍታ ያለው አዳራሽ ተነድፎልናል። ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስና ባድሜንተን ሊያጫውተን ይገባል። ፕላኑ ላይ የአራቱም መስመር ተሠምሮ አይተናል። ይበቃናል ይላሉ?

መልስ፦ አይበቃም። የጎደለዎት ግን ጥቂት ነው፤ ንድፉም ገና ወረቀት ላይ ስለሆነ በጊዜው ጠይቀዋል።

ከእጅ ኳስ ልጀምር። ሜዳው 40 በ20 ሜትር ነው። ከጎል መስመሩ በስተኋላ 2 ሜትር፣ በጎንና ጎን ደግሞ 1 ሜትር ነጻ ወለል ይፈልጋል። ድምሩ 44 በ22 ሜትር ይሆናል። በ42 ሜትር አዳራሽ ውስጥ መስመሩ ይገባል፤ ከጎሉ እስከ ግድግዳው የሚተርፈው ግን 1 ሜትር ብቻ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ ዘሎ የወረወረ ልጅ በ1 ሜትር ውስጥ ራሱን አያቆምም። መስመሩ ስለገባ ጨዋታው ገባ ማለት አይደለም፤ ኮሚቴዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ቅርጫት ኳስ ችግር የለበትም። 28 በ15 ሜትር ሜዳ፣ ዙሪያውን 2 ሜትር ሲጨመርበት 32 በ19 ይሆናልና ይገባል። መረብ ኳስ 18 በ9 ሆኖ በየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሜትር ስለሚፈልግ 24 በ15 ይይዛል። አሁን የአዳራሽዎን ስፋት ይመልከቱ፤ 24 ሜትር ነው። ሜዳውን ወርድ ለወርድ ብታጋድሙት ልክክ ይላል። ርዝመቱ 42 ከሆነ ሁለት ሜዳ ይወጣዋል፤ 45 ቢሆን ግን ሦስት። ስለዚህ ኮሚቴው ለአንድ ነገር ብቻ ይሟገት ብባል ለነዚህ 3 ሜትሮች ይሟገት እላለሁ። እጅ ኳሱ ሕጋዊ ይሆናል፣ አዳራሹም በሁለት ተንጠልጣይ መጋረጃዎች ተከፍሎ ሦስት ክፍል ተማሪ በአንድ ሰዓት ያስተምራል። ባድሜንተን 13.40 በ6.10 ሜትር ነው፤ እሱንም ወርድ ለወርድ ጎን ለጎን ከደረደራችሁት በመካከላቸው 2 ሜትር እየተዋችሁ አምስት ሜዳ ታገኛላችሁ። ጥንድ ለጥንድ ቢጫወቱ ሃያ ልጅ ማለት ነው።

ወደ ከፍታው ስመጣ የበለጠ እጨነቃለሁ። መረብ ኳስ ከወለሉ በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ምንም ነገር የሌለበት አየር ይፈልጋል። 7 ሜትር የሚለካው እስከ ቆርቆሮው አይደለም። ጣሪያውን እስከሚሸከመው የብረት መዋቅር፣ እስከ ትራሱ የታችኛው ብረት፣ እስከ መብራቱ፣ እስከ ተጠቀለለው መጋረጃ፣ ወደ ላይ እስከሚታጠፈው የቅርጫት ሰሌዳ ድረስ ነው፤ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ይወስነዋል። ቁም ነገር ያለው የባድሜንተን ውድድር ካሰባችሁ ደግሞ 9 ሜትር አስቡ፤ ለታላላቅ ዓለም አቀፍ ውድድር 12 ሜትር ይጠየቃል። ስለዚህ ነድፉልን ያላችኋቸውን ባለሙያዎች ከፕላኑ በፊት ሴክሽኑን፣ ሕንፃው ለሁለት ተሰንጥቆ የሚታይበትን ሥዕል አሳዩን በሏቸው። ፕላን ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ አየሩን አያሳይም፤ ስፖርት ደግሞ የሚካሄደው አየር ላይ ነው።

ሕንፃ ጨዋታን እንዴት እንደሚቀርጽ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የቅርጫቱ ከፍታ ነው። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ቅርጫት ኳስን ሲፈጥር ቅርጫቶቹን የሰቀለው በጂምናዚየሙ ሰገነት ላይ ነበር። የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ ያህል ነበረና፣ ዛሬ በመላው ዓለም ቀለበቱ የሚሰቀልበት 3.05 ሜትር ከዚያ ቀረ። አንድ ነዳፊ ሳያስበው የወሰነው ቁመት የዓለም ሕግ ሆነ።

ደብዳቤዎ ያልጠቀሰው ነገር ዕቃ ቤቱ ነው። ከወለሉ ስፋት 12.5 በመቶ ያህል ለዕቃ ቤት ይሰጥ የሚለውን የእንግሊዞች መመሪያ እኔ እቀበለዋለሁ፤ 45 በ24 ለሆነው አዳራሽ 135 ካሬ ሜትር ይመጣል። ብዙ ይመስላል። ግን ጎሎቹ፣ የመረቡ ምሰሶዎች፣ ፍራሾቹና የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛዎቹ ቦታ ካጡ መጠለያቸው የሜዳው ጠርዝ ይሆናል፤ ያ የተሟገታችሁለት ነጻ ቦታም በዕቃ ይሞላል። ዕቃ ቤቱን በረጅሙ ጎን አስጠጉት፤ ሦስቱም ክፍሎች እንዲደርሱበት። በላዩ ላይ የተመልካች ሰገነት ይቀመጥበታል።

ስለ በሩ አንድ ነገር ልንገርዎ። በወጣትነቴ የነደፍኩት አዳራሽ የዕቃ ቤት በር ንጹሕ ከፍታው 2.05 ሜትር ነበር። የእጅ ኳስ ጎል ከውስጥ ሲለካ 2 ሜትር ነው፤ አግዳሚው ደግሞ 8 ሳንቲሜትር ይወፍራል። ጎሉ 2.08 ሆነና በ3 ሳንቲሜትር አልገባም አለ። መምህራኑ በየቀኑ እያጋደሙ በአራት ሰው ሲያስገቡት ቆይተው አንዱ ጣቱን ተጎዳ። ስዕሉ የእኔ ነበር፤ ያንን ጣት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የዕቃ ቤት በር 2.40 ሳላደርስ ፈርሜ አላውቅም።

ጥያቄ፦ የክለባችን አዳራሽ ወለል ሊሾ ላይ ቀለም የተቀባ ነው፤ ተጫዋቾቻችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንዱ የእንጨት ወለል አስነጥፉ ይለናል፣ ሌላው ፕላስቲኩ ይሻላል ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም እንደ ሁኔታው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልክ ያልሆነው አሁን ያለው ሊሾ ነው። ጥሩ የስፖርት ወለል ሁለት የሚጣሉ ነገሮችን ያስታርቃል፤ ለእግር መለስለስ፣ ለኳስ መጠንከር። ኤን 14904 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ ኮንክሪትን ማነጻጸሪያ ያደርግና፣ ወለሉ እግር ሲያርፍበት የሚፈጠረውን ኃይል ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲቀንስ፣ ኳሱ ግን ኮንክሪት ላይ ከሚነጥረው ቢያንስ 90 በመቶውን እንዲነጥር ይጠይቃል። ሻጭ ሲመጣ ስለ ቀለሙ ከማውራቱ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በላቦራቶሪ ውጤት ያሳያችሁ።

በመጋደሚያ ላይ የተዘረጋ እንጨት ሲረገጥ ሰፋ ያለ ቦታ አብሮ ይለጠጣል፤ ለአዋቂ ተጫዋችና ለብዙ ዓመት አገልግሎት እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፕላስቲኩ፣ ማለትም በስፖንጅ ላይ የተነጠፈ ቪኒል ወይም የፈሰሰ ፖሊዩሬቴን፣ የሚረግበው እግሩ ባረፈበት ነጥብ ብቻ ነው፤ ክብደታቸው ቀላል ለሆኑ ሕፃናት ይስማማል፣ እርጥበትንም ከእንጨት ይልቅ ይችላል።

እንጨት ከመረጣችሁ ጠላቱ ውኃ ነው። አንድ ጊዜ ተጠርቼ ያየሁት ወለል መሐሉ ላይ ተነሥቶ ጉብታ ሠርቶ ነበር። ተቋራጩ ቀን ስላጠረው የወለሉ ኮንክሪት (ስላቡ) ከፈሰሰ በስድስተኛው ሳምንት እንጨቱን ነጥፎበታል። ኮንክሪት በ28 ቀን ጥንካሬውን ያገኛል እንጂ አይደርቅም፤ በልምድ የምንሄድበት ሂሳብ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው። ከሥር የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ፣ በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ እንጨቱ የሚሰፋበት ክፍተት፣ ከመንጠፉ በፊትም የእርጥበት ልኬት በጽሑፍ ጠይቁ። የመረብ ኳስ ምሰሶዎቹ የሚተከሉባቸው ጉድጓዶችም ኮንክሪቱ ሲፈስ አብረው ይሠሩ። መረቡ ሲወጠር ምሰሶውን በኃይል ስለሚስበው በኋላ በመሰርሰሪያ የተበሳ ጉድጓድ አያዛልቅም።

መስመሮቹን በተመለከተ የቅርጫት፣ የመረብና የእጅ ኳስ 5 ሳንቲሜትር፣ የባድሜንተን 4 ሳንቲሜትር ይወፍራሉ። አዘውትራችሁ ለምትጫወቱት ጨዋታ በጣም የሚታየውን ቀለም ስጡ። አምስት ጨዋታ በአምስት ደማቅ ቀለም ከተሰመረ ዳኛውም ተጫዋቹም ይታወራሉ።

ጥያቄ፦ መብራት ለመቆጠብ በአዳራሹ ሁለት ጫፍ ከላይ እስከ ታች መስታወት ልናደርግ ነው። ጥሩ ሐሳብ አይደለም?

መልስ፦ ብርሃኑን መፈለጋችሁ ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ጎሉና ቅርጫቱ ያለው በእነዚያ ጫፎች ስለሆነ ተጫዋቹ ሲያነጣጥር ፊት ለፊት ፀሐይ ያያል። ብርሃኑን ከጣሪያው፣ ቀጥታ ፀሐይ ከማይገባበት ወገን አስገቡት። የአውሮፓው የስፖርት መብራት መለኪያ ለቅርጫት ኳስ ልምምድ 200፣ ለክለብ ውድድር 500፣ ለከፍተኛ ውድድር 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይላል። መብራቶቹን በባድሜንተን ሜዳዎች መካከል ባሉት ክፍተቶች ላይ ስቀሏቸው። ከሜዳው በላይ ከሆኑ ተጫዋቹ ቀና ባለ ቁጥር ዐይኑን ይወጋዋል።

ስለ ባድሜንተን ካነሣን አየር ማናፈሻውንም አትርሱ። በኳስ ፋንታ የምትመታዋ ላባ 5 ግራም ገደማ ናት፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 2.7 ግራም። ከጣሪያ በቀጥታ ወደ ሜዳ የሚነፍስ ማራገቢያ ሁለቱንም ጨዋታ ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ጣሪያችን በግንባታ ላይ ነው። ትራሶቹ በስሌቱ ከተጻፈው በላይ መሐላቸው ላይ ረግበዋል። ተቋራጩ «የተለመደ ነው፣ አትጨነቁ» ይለናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሥራውን አስቁሙ፤ ዛሬውኑ። የነደፈውን የመዋቅር መሐንዲስ አስመጡ፣ ከዚያም ከሁለቱም ጋር የማይገናኝ ሌላ መሐንዲስ ስሌቱን ከመጀመሪያው ይሥራው።

ድምፄ ከፍ ያለው ስለማውቀው ነገር ነው። በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ የአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ ሲሠራ ርግበቱ ከተሰላው እጥፍ መሆኑ በልኬት ተገኝቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ተነገራቸው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚጠበቅ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1978 አንድ ሌሊት በረዶ ሲከማችበት ጣሪያው በሙሉ ወደቀ። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ከሥሩ ወደ 5,000 ሰው ቅርጫት ኳስ ሲመለከት አምሽቶ ነበር። ማንም ያልሞተው ሰዓቱ ስላለፈ ብቻ ነው።

የሚንጠለጠሉትን ሁሉ፣ ሰሌዳዎቹን፣ መጋረጃዎቹንና ሞተሮቻቸውን፣ ማራገቢያዎቹን፣ ስሌቱ ውስጥ መኖራቸውን በዚሁ አጋጣሚ ጠይቁ። ኋላ ላይ የሚጨመሩ ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አዳራሻችን ውስጥ ድምፄ ይጠፋል፣ ማታ ማታ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ማስተካከል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል ልጄ፤ ጉሮሮሽን ግን እስኪስተካከል ድረስ በፉጨትና በእጅ ምልክት አሳርፊው። የሚያስቸግርሽ ልሙጡ ግድግዳና ቆርቆሮው ድምፁን እርስ በርስ መወራወራቸው ነው። አጨብጭቢና ድምፁ እስኪሞት ቁጠሪ፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ብዙ ነው። ድምፅ የሚውጡ፣ ኳስ ቢመታቸው የማይሰበሩ ሰሌዳዎች ከ3 ሜትር ከፍታ በላይ በሁለት ተያያዥ ግድግዳዎች፣ ከተቻለም በጣሪያው ሥር ይለጠፉ። ከ3 ሜትር በታች ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ይቅር፤ ልጅ ሲጋጭ የሚቧጭረው ነገር አይኑርበት። የበር እጀታ እንኳን ወደ ውስጥ የገባ ይሁን።

ጥያቄ፦ በተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። ለአዲስ አዳራሽ ንድፍ አስተያየት እንድሰጥ ተጋብዣለሁ። «መወጣጫ ይኖራል» ብቻ ነው ያሉኝ። ሌላ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ መወጣጫው ራሱ ምን ያህል ያዘቀዝቃል ብለው ይጀምሩ፤ 1 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፣ 20 ቢሆን ክንድ ያርፋል። የስፖርት ወንበር ጎማዎቹ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብሉ ከመደበኛው ወንበር ይሰፋል። ስለዚህ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሜዳው፣ ከሜዳው እስከ ሻወሩ ያሉት በሮች ሁሉ ንጹሕ ክፍተታቸው ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ወንበር ይዞ ስለሚመጣ የዘወትሩን ወንበር ማሳረፊያ ቦታም ይጠይቁ። ወለሉ ለስላሳ ስፖንጅ ያለበት ከሆነ ጎማው ይሰምጣል፤ ለሌላ ሰው የማይታወቅ ድካም ለእርስዎ ነው። ድንገተኛ መውጫዎቹ ቢያንስ ሁለት፣ በተለያየ አቅጣጫ፣ ሁለቱም ያለ ደረጃ መሆናቸውን ሥዕሉ ላይ በጣትዎ ተከትለው ያረጋግጡ።

ወደ ስብሰባው ሲሄዱ የሚጫወቱበትን ወንበር ይዘው ይሂዱ። የመልበሻ ክፍሉንና የሻወሩን ልክ መሬት ላይ በጠመኔ ያሰምሯቸው፤ ከዚያ ገብተው፣ ዞረው፣ በሩን ዘግተው ያሳዩአቸው።