ክዳኑ ሥር ያየሁት አረፋ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ጋራዣችን በር ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የአሜሪካ መኪና ልግዛ? አባቴ አይታመንም ይላል።» በዚህ ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ መልሱ አይጠፋኝም። ግን የአንድ ጓደኛዬ ፊት ድቅን አለብኝና «ቆይ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ለእሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በ1991 ነው፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ። ጓደኛዬ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ለመንዳት ፈቃድ አውጥቷል። ያኔ የዲሲ ታክሲ ሜትር አልነበረውም። እስከ 2008 ድረስ ሒሳቡ በዞን፣ ማለትም ተሳፋሪው በሚያቋርጣቸው የከተማዋ ክፍሎች ነበር። ጓደኛዬ የዞኑን ካርታ በቃሉ ሸምድዶ «ጠይቀኝ እስቲ» እያለ ማታ ማታ ያስቸግረኝ ነበር። ሚስቱ አዲስ አበባ ነበረች። ለትኬቷ ያጠራቀማት 1,900 ዶላር ነበረችው። «መኪና ልግዛበትና በሦስት ወር ሠርቼ እተካዋለሁ» አለኝ።

ያገኛት መኪና የ1982 ስሪት የአሜሪካ ሴዳን ናት። በምሳ ሰዓቴ ወሰደኝ። ማይሏ 41 ሺህ ይላል። ኮፈኑን ስነካው ሞቅ ብሏል፤ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷት ነበር። ድምጿ ልስልስ ያለ ነው። የዘይቱን ክዳን ፈታሁ። ከሥሩ አረፋ ተለጥፏል፤ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። በጣቴ ጠረግ አድርጌ አየሁት።

እንዲህ ያለ አረፋ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። በብርድ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ሞተሯ ውስጥ እርጥበት ይይዛል፤ እሱ ችግር የለውም። ወይ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ውሃውና ዘይቱ እንዳይገናኙ የሚያሽገው ንጣፍ፣ ሄዶ የራዲያተር ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ነው፤ እሱ ሞተር ይገድላል። ለመለየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የራዲያተሩን መስመር አየር ሞልቶ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ማየት ነው። እኔ ግን ወደ ሥራ የምመለስበት ሰዓት ደርሷል። እሱ መሪውን ይዞ ተቀምጦ እንደ ልጅ ይስቃል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ መውጣቱንም አይቻለሁ። 41 ሺህ ማይል የሄደች መኪና ፔዳሏ እንዲያ አያልቅም። አረፋውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ክዳኑን መለስኩ። «ብርዱ ነው፤ ውሰዳት» አልኩት።

ስድስት ሳምንት ሠራባት። ከዚያ ድልድይ ላይ ነጭ ጭስ እየተፋች ቆመች። ሞተሩን ልናወርድ ስንል በሩ ጠርዝ ላይ ግማሹ የተላጠ የዘይት ለውጥ ወረቀት አገኘሁ። 128 ሺህ ይላል። የዚያን ጊዜ የብዙ አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች ማይል ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ነበር። 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። መኪናዋ የሄደችው 141 ሺህ ነበር።

ግንቦት ላይ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ሚስቱ እዚያው ነበረች። ከሳምንት በኋላ የጥይት መጋዘኑ ሲፈነዳም እዚያው ነበረች። ስልኩ መስመር አልይዝ ብሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲደውል እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በዓመቱ መጣች። አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። አረፋውን ማየቴን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አባትህ የሚያወራው ስለ እነዚያ መኪኖች ነው። እውነቱን ነው። በ1970ዎቹ የጭስ ሕጉ ሲጠብቅ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ከተማ ዲትሮይት አልተዘጋጀችም ነበር። ሞተሮቹ ታፈኑ። የስፖርት መኪናዋ ኮርቬት፣ የ1975 መደበኛዋ፣ በ5.7 ሊትር ሞተር 165 የፈረስ ጉልበት ነበር የምታወጣው። የ2020 መደበኛዋ በ6.2 ሊትር 490 ታወጣለች። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ቀርቶ ነዳጁን ኮምፒውተር ሲመጥነው ጠዋት ጠዋት ቤንዚን እየረገጡ መለማመጥ ቀረ።

እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ያለው ፋብሪካ ነው። ጀነራል ሞተርስ (ጂኤም) በ1982 ዘጋው። በ1984 ከቶዮታ ጋር ሆኖ ሲከፍተው ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ የድሮዎቹ ነበሩ። የሚወጡት መኪኖች ግን ጥሩ ሆኑ። አንዱ ለውጥ ገመድ ነው። ማንም ሠራተኛ ጥፋት ካየ ገመዱን ይስባል፤ ካስፈለገም መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ድሮ ጥፋቱን እያዩ ያሳልፉት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያ ጨርቅ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ዛሬስ ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው? አይደለም። በ2025 ጂኤም ለ6.2 ሊትር ቪ8 ሞተሩ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 600 ሺህ መኪና ለጥገና ጠርቷል። ጉልበት ሌላ፣ ዕድሜ ሌላ። ፎርድ እስከ 2011 የሠራት ክራውን ቪክቶሪያ በታክሲነትም በፖሊስነትም ስንት ዘመን አገልግላለች። የዚያው ኩባንያ ከ2012 እስከ 2016 የወጣችው አውቶማቲክ ፎከስ ደግሞ ካምቢዮዋ እየተንቀጠቀጠ ሰው ፍርድ ቤት ሄዷል። ስለዚህ «የአሜሪካ ናት ወይስ የጃፓን?» አትበለኝ። የትኛው ሞተር፣ የትኛው ካምቢዮ፣ የየትኛው ዓመት በለኝ።

እናንተ ልጆች ጆሯችሁን ትታችሁታል። ቼክ ኢንጅን ሲበራ ኮዱን በስልካችሁ ታጠፉና «ተሠራ» ትላላችሁ። የጠፋው መብራቱ ነው እንጂ በሽታውማ አለ። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ ጋራዣችን ያለች የ24 ዓመት ልጅ እኔ ቀኑን ሙሉ የምፈልገውን በላፕቶፕ በአሥር ደቂቃ ታገኘዋለች። ደግሞም ያን ቀን እኔን የጎደለኝ ጆሮ አልነበረም።

ልጄ፣ ያየሃትን መኪና ቅዳሜ ጠዋት ሄደን እንያት። ለሻጩ ከወዲሁ ደውለህ እንዳያስነሳት ንገረው። ኮፈኗ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። ክዳኑን አንተ ትፈታዋለህ። እኔ ምሳ ሰዓት ቢደርስም አልሄድም።